አሥረኛው ፓክ፦ የገዛ ጭንቅላታችሁን መጠርጠር ውሳኔያችሁን አሻሽሎት ያውቃል?

ሰላም ለሁላችሁ። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ስክራብ ነርስ፣ ማለትም ለሰርጀኑ መሣሪያ አቀባይ፣ ሆኜ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። የማነሳው ነገር የኔን ሙያ ብቻ የሚመለከት ስላልመሰለኝ እዚህ አመጣሁት።

ከዓመታት በፊት አንድ ሌሊት ሦስተኛዋን የቀዶ ወሊድ እናት እየሠራን ነበር። ሰዓቱ ከሌሊቱ ስምንት አልፏል። ሕፃኑ ወጥቶ አልቅሷል፣ ማህፀኗ ተሰፍቷል፣ ሰርጀኑ ሆዷን ሊዘጋ እጁን ዘርግቶ ክር እየጠየቀኝ ነው። ከጠረጴዛው ራቅ ብላ የምታግዘን ሰርኩሌቲንግ ነርስ ደም የመጠጡትን ጨርቆች፣ ፓኮቹን፣ ከባልዲው እያነሳች መሬት ላይ አንድ በአንድ ዘርግታ ቆጠረች። ዘጠኝ ሆኑ። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው 10 ነው።

እኔ ግን አሥረኛውን በዓይኔ አይቼዋለሁ። በደም የራሰውን ፓክ ወደ ባልዲው ስጥለው ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ እንደቀረ፣ ባልዲውን በእግሬ ገፋ አድርጌ እንዳስገባሁት ጭምር አስታውሳለሁ። ሰርጀኑም ሆዷን ዳስሶ ምንም እንደሌለ ነገረኝ። ሁለታችንም እርግጠኞች ነበርን፤ የሚከራከረን ሰሌዳው ብቻ ነበር። እንደገና ተቆጠረ፣ አሁንም ዘጠኝ። ሰርጀኑ ቅር እያለው እጁን መለሰ። ፓኩ በማህፀኗ ግራ ጎን ከአንጀት ሥር ተጠቅልሎ ተገኘ። ባልዲው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለው የቀደመችው እናት ፓክ ነበር። አልዋሸሁም፣ ያልኩትን በእርግጥ አይቻለሁ። ጭንቅላቴ ግን ከአንዷ እናት ቀዶ ለሌላዋ ሰፋው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት (የማረጋገጫ ዝርዝር) 19 ነጥቦች አሉት፤ ሦስት ቦታም ያስቆማል፦ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ጥያቄዎቹ የሕፃን ጥያቄ ይመስላሉ። በሽተኛዋ ማን ናት? የሚሠራው በየትኛው ጎን ነው? አንቲባዮቲኩ ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ተሰጥቷል? ፓክና መርፌ ተቆጥሯል? ይህ ዝርዝር በስምንት ከተሞች፣ ከሲያትልና ከለንደን ጀምሮ እስከ ኒው ዴልሂና የታንዛኒያዋ ኢፋካራ ድረስ ተሞክሮ ውጤቱ በ2009 ሲታተም፣ የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 ከመቶ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ከባድ ችግር ደግሞ ከ11 ወደ 7 ከመቶ ወርዶ ነበር። እነዚያ ሰርጀኖች ከዚያ በፊትም አንቲባዮቲክ መሰጠት እንዳለበት ያውቁ ነበር። አዲስ ዕውቀት የሰጣቸው የለም። የተሰጣቸው የሚያውቁትን በሰዓቱ የሚያስታውሳቸው ነገር ነው።

አእምሮ በአንድ ጊዜ ሰባት ነገር ገደማ ይይዛል ሲባል ተምሬአለሁ። ሲደክም ከዚያም ያንሳል። ታዲያ ሥራውን በጣም የሚያውቅ ሰው ራሱን መጠርጠር ለምን ይከብደዋል? እናንተስ በሥራችሁ፣ በቤታችሁ፣ በገንዘባችሁ ጉዳይ ጭንቅላታችሁ የማይችለውን አውቃችሁ በሌላ ነገር የደገፋችሁበት ጊዜ አለ?

ከዚህ በኋላ 23 መልሶች መጥተዋል። ዘግይታችሁ ለምትገቡ የኔንም ጨምሬ በተራ ልንገራችሁ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

1ኛው መልስ በክልል ሆስፒታል የምትሠራ የሙያ እህቴ ነው። የጠፋች መርፌ ፍለጋ በጉልበቷ ተንበርክካ ወለሉን በማግኔት ስትጠርግ እንዳነጋች፣ መርፌዋም በመጨረሻ ከራሷ ቦቲ ሥር እንደተገኘች ጻፈች። ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2016 ሳልትስ በሚል ስም የጀመረው የቀዶ ሕክምና ፕሮግራም ይህን ቼክሊስት እንደሚጨምርም አስታወሰችን። 2ኛው ጠያቂ ከሙያው ውጭ ነው፤ ፓክ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ብዙ ድርብ ሆኖ የተሰፋ ነጭ ጨርቅ ነው፤ ደም ይመጥጣል፣ አንጀትንም ወደ ጎን ይዞ ያቆያል። ደረቅ ሲሆን ማንም ያየዋል። ደም ሲጠጣ ግን የሰውነቱን መልክ ይይዛል፤ እጅ እንኳ ከአንጀት አይለየውም። ሰርጀኑ ዳስሶ ያጣው በቸልተኝነት አልነበረም።

3ኛው የሥነ ልቦና መምህር ናቸው። በትሕትና አረሙኝ። ሰባት የሚለው ቁጥር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ካሳተመው ጽሑፍ የመጣ ሲሆን፣ ኔልሰን ኮዋን በ2001 ጉዳዩን እንደገና ሲመረምር ሰው ሳይደጋግምና ሳይቧድን ልብ ውስጥ የሚይዘው አራት ገደማ ብቻ ሆኖ አግኝቶታል። ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት አድርገን የምንይዘውም ለዚህ እንደሆነ አስረዱ። እርማቱን ተቀብያለሁ፤ አመሰግናለሁም። ደግሞም ጉዳዬን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም፤ እኔ ሌሊቱን ሙሉ በልቤ ልይዝ የሞከርኩት ከአራት በላይ ነበር።

4ኛው ላይ የውይይቱ አየር ተለወጠ። ጸሐፊው በግንባታ ሥራ 20 ዓመት ያሳለፈ ሰው ነው። ዝርዝር የሚያስፈልገው ሥራውን ለማያውቅ እንደሆነ፣ ልምድ ያለው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሠራ፣ አገሩን ያደከመውም በየቦታው የሚሞላ ቅጽ እንደሆነ ጻፈ። እኔንም አልማረኝም፤ ያን ሌሊት ደክሞኝ ከነበረ ጥፋቱ የኔ እንጂ የሰው ልጅ አእምሮ እንዳልሆነ ነገረኝ። 5ኛው መልስ በእርሱ ላይ የተወረወረ ስድብ ስለነበር አልደግመውም። አወያዩ አንስቶታል፤ ደግ አደረገ።

6ኛው ግን ከስድብ ይልቅ በማስረጃ 4ኛውን ደገፈ። የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ነው። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ቼክሊስቱ ግዴታ ከሆነ በኋላ 101 ሆስፒታሎች ተጠንተው፣ በ2014 በወጣው ውጤት ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 ከመቶ ብቻ እንደወረደ፣ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት እንደማያልፍ አስቀመጠ። የ2009ኙን ቁጥር ብቻ ጠቅሼ ይህን መዝለሌ ልክ እንዳልሆነም ጨመረ።

እውነቱን ነው። 7ኛው የኔ መልስ ነው፤ ረዘም አድርጌ የጻፍኩት እርሱን ነው። ወረቀት በራሱ ማንንም አያድንም። በሽተኛዋ ወደ ክፍሉ ሳትገባ ሦስቱም ክፍል ምልክት ተደርጎበት፣ ተፈርሞ የጠበቀንን ቅጽ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ቅጽ ቼክሊስት አይደለም፣ ለተቆጣጣሪ የተዘጋጀ ወረቀት ነው። ዝርዝሩ የሚሠራው እጅ ሲቆም፣ ሁሉም ቀና ሲል፣ አንዱ ጮክ ብሎ ጠይቆ ሌላው ጮክ ብሎ ሲመልስ ነው። ከ19ኙ ነጥቦች አንዱ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስሙንና ሥራውን እንዲናገር ይጠይቃል። መጀመሪያ ጊዜ አፍረን ነበር። ስሙን አንድ ጊዜ የተናገረ ጀማሪ ግን በኋላ የሚያየውን ስህተት ለመናገር አፉ ይፈታል። ለ4ኛውም በአክብሮት መለስኩ፦ ያን ሌሊት መድከሜ እውነት ነው፤ ሰሌዳው ግን አይደክመውም፣ ያስፈለገኝም ለዚሁ ነው።

8ኛው የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ነው። ነገሩ ከሐኪም ቤት በፊት በአየር ላይ እንደተጀመረ አሳየን። ጥቅምት 30 ቀን 1935 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኦሃዮ ዴይተን አጠገብ፣ የቦይንግ ሞዴል 299 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን በአሜሪካ ጦር ፊት ለሙከራ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። አብራሪው ሜጀር ፕሎየር ሂል ጀማሪ አልነበረም፤ ለሙከራ በረራ የተመረጠ ሰው ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሳለ ነፋስ የክንፉንና የጅራቱን ተንቀሳቃሽ ክፍሎች እንዳያንገላታ መሪውን የሚቆልፈው መቆለፊያ ሳይፈታ ነው የተነሣው። አብራሪዎቹ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ሥልጠና ማርዘም ሳይሆን አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር መጻፍ ነበር። ያው አውሮፕላን ቢ-17 ተብሎ ከ12,000 በላይ ተሠራ። ጸሐፊው አንድ ነገር ጨመረ፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እርሱ ቤት ዝርዝሩን ያላነበበ ሰው እንደ ጎበዝ አይታይም፣ ሥራውን እንዳልጨረሰ ነው የሚቆጠረው።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ድረስ መኪና መንገድ ላይ ዋልን። 9ኛው አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድማችን ነው። እዚያ ሹፌር በተከታታይ 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት ነው መንዳት የሚችለው፤ እርሱም ሥራ ከጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ይህን የሚመዘግበው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ዘበኛ ይቆጥረው እንደነበር አልደበቀም። አንድ ሌሊት ኔብራስካ ላይ ሰዓቱ አልቆ፣ ምንም ሳይደክመው በመሣሪያው ተናዶ ቆመ። ወንበሩ ላይ ለአምስት ደቂቃ ጋደም ልበል ብሎ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ነቃ። አልደከመኝም ያለው ጭንቅላት ራሱ የደከመው ነበር። 10ኛው ሌላ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቆጣ ብሎ ተቃወመ። መሣሪያው ማቆሚያ በጠፋበት ቦታ ሰው ሰዓቱ ሳያልቅ እንዲጣደፍ እንደሚያደርግ፣ ሕጉን ያወጡት ሰዎች ሌሊት ነድተው እንደማያውቁ ጻፈ። 11ኛው በመካከላቸው ገብቶ በ1997 የታተመ አንድ ሙከራ አነሳ፤ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ችሎታው ደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይወርዳል። የሰከረ ሰው አልሰከርኩም እንደሚል ሁሉ እንቅልፍ ያጣም ደህና ነኝ ይላል። የ10ኛው ቅሬታ ስለ ማቆሚያ እጥረት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ሰዓቱን ለሹፌሩ ስሜት መመለስ አይመስለኝም።

12ኛው ቤት የሠራ ሰው ነው። በስምንት ወር ልጨርስ ብሎ የጀመረው ጂ ፕላስ አንድ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶበታል። ለዚህም አንድ ጥናት ጠቀሰ፤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በ34 ቀን እንደሚጨርሱ ገምተው በአማካይ 55 ቀን ወሰደባቸው። ሁሉ ነገር ቢበላሽ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሲጠየቁ የሰጡት ግምት እንኳ ከ49 ቀን አላለፈም። ስለዚህ ሁለተኛ ቤት ቢሠራ የራሱን ዕቅድ አይጠይቅም፤ በዚያው ሰፈር የጨረሱ አምስት ጎረቤቶች ስንት ጊዜ እንደፈጀባቸው ጠይቆ ያንን ይይዛል። ይህን ምክር እኔም ለራሴ ወስጄዋለሁ።

13ኛውና 14ኛው ወዲያው የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ውስጥ ገቡ። አርማታ በዝናብ ይሞላል ወይስ አይሞላም በሚል ተከራከሩ፤ አወያዩ ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ጠየቀ።

የመለሰን 15ኛው ነው፤ ከደላላ ጋር ስለሚደረግ ድርድር ጻፈ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1974 ያሳተሙት ሙከራ የሚመለከተው አፍሪካን ነው። በ10 ወይም በ65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተደረገ መንኮራኩር በሰዎች ፊት ያሽከረክራሉ፤ ከዚያም ከተባበሩት መንግሥታት አባላት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች ስንት ከመቶ እንደሆኑ ያስገምቷቸዋል። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሆነ፣ 65 የወጣላቸው 45። መንኮራኩር ስለ አፍሪካ ምንም እንደማያውቅ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ጎተታቸው። ደላላም መጀመሪያ የሚጠራው ዋጋ እንዲሁ ነው። ምንም ውድ ነው ብንል ድርድሩ የሚዞረው በዚያ ቁጥር ዙሪያ ነው። ጸሐፊው ከዚያ ወዲህ ደላላ ከማግኘቱ በፊት የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ በወረቀት ጽፎ ለባለቤቱ ይሰጣታል። ከእርሷ ሳይማከር ከዚያ አያልፍም። አንድ ቦታ እንዲህ አምልጦት ለሦስት ቀን ተናዶ ነበር። አሁን ያ ቦታ ክርክር ያለበት እንደነበር ሰምቷል።

16ኛው ላይ አንድ አባት ገቡ። እርሳቸው ይህን ሁሉ ጥናት ሳያነቡ እንደሚያውቁት፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለውም ለዚህ እንደሆነ ጻፉ። በአካባቢያቸው ሽማግሌዎች የተጣላን ሰው በመጀመሪያው ቀን አይፈርዱበትም፤ ሰምተው ቀጠሮ ይሰጣሉ፣ አድረው ይመለሳሉ። ቀጠሮው የሚሰጠው ለባለጉዳዮቹ ብቻ ሳይሆን ለሽማግሌዎቹ ልብ ጭምር ነው አሉ። ብዙ ሰው አመሰገናቸው። እኔም ከሁሉ ይህ ነው ልቤን የነካኝ፤ ዝርዝርም፣ ሰሌዳም፣ ቀጠሮም በስሜትና በእጅ መካከል የሚገባ አጥር ነው።

17ኛው አልተስማማም፤ በኃይል ነው የተናገረው። በሽተኛ ደም እየፈሰሰው ቀጠሮ እንሰጣለን ወይ? ሁሉን የሚጠራጠር ሰው ከቆመበት አይንቀሳቀስም፣ ይህ ውይይትም ወጣቶችን ፈሪ ያደርጋል የሚል ነው ሐሳቡ። 3ኛው መምህር 18ኛ ሆነው ተመልሰው መለሱለት። ካህነማንና የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ውሳኔ ለዓመታት ያጠናው ጋሪ ክላይን በዚህ ጉዳይ ተቃራኒ ወገን ነበሩ፤ በ2009 ግን አንድ ላይ ጽፈው የተስማሙበት ነጥብ አለ። የባለሙያ ደመ ነፍስ የሚታመነው ነገሩ ሥርዓት ያለው ሲሆንና ሰውየው የውሳኔውን ውጤት ቶሎ እያየ ሲማር ነው። እሳት አጥፊ ይህን ያገኛል። ከአምስት ዓመት በኋላ የትኛው አገር ምን እንደሚሆን የሚተነብይ ሰው አያገኝም። ለ17ኛው እኔም የምለው አለኝ፦ ደም ሲፈስ እጃችን አይቆምም፣ መቆምም የለበትም። ቆጠራው የሚመጣው ደሙ ከቆመ በኋላ ነው፤ ሰው እፎይ ብሎ የሚዘነጋውም ያን ጊዜ ነው።

19ኛዋ በራጅ ክፍል ትሠራለች። በ2013 የወጣ አንድ ሙከራ ነገረችን። 24 ራዲዮሎጂስቶች የሳንባ ሲቲ ስካን ላይ እጢ እንዲፈልጉ ተሰጣቸው፤ ምስሉ ውስጥ ከተለመደው እጢ 48 እጥፍ የሚበልጥ የጎሪላ ሥዕል ገብቶበታል። 20ዎቹ አላዩትም። የዓይናቸው እንቅስቃሴ ሲለካ ከእነዚያ መካከል የሚበዙት ቀጥታ ጎሪላው ላይ አፍጥጠው ነበር። ይህን ካነበበች ወዲህ አንድ ነገር ካገኘች በኋላ ፊልሙን ከላይ ጀምራ ምንም እንዳላገኘች ሆና ሁለተኛ ጊዜ ታየዋለች።

20ኛው ያልጠበቅኩት ነው። የግንባታ ባለሙያው፣ 4ኛው፣ ተመለሰ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ግን አንድ ጊዜ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የአንድ ኮለን (ምሰሶ) ብረት ቁጥሩ መጉደሉን ሳያይ እንዳለፈ፣ ያገኘው ብረት የሚያስረው ልጅ እንደነበረ፣ ልጁም እርሱን ፈርቶ ግማሽ ቀን ዝም ብሎ እንደቆየ ጻፈ። ከሁሉ የከነከነው ያ ግማሽ ቀን ነው። ከመሞላቱ በፊት የሚጠየቁ አምስት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ወረቀት ለማዘጋጀት ሐሳብ አለው፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ይሁን ብሎም ጠየቀ። ስለ ብረት አላውቅም። ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ለልጁ ይሁን፣ ያየኸው የጎደለ ነገር አለ ወይ የሚል፣ ብዬ ጻፍኩለት።

21ኛዋ ኦፕሬሽን ክፍል ከገባች ሦስት ወሯ ነው። ሰርጀኑ አንጋፋ ሲሆን፣ ሲቸኩልም፣ ቁጥር መጉደሉን እንዴት እንደምትናገር ጠየቀች። ድምፅዋ እንደሚጠፋባት አልደበቀችም።

22ኛው የኔ ነው። እህቴ፣ ማን እንደረሳ አትናገሪ፣ ይቅርታም አትጠይቂ። ቁጥሩን ብቻ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፤ ሰሌዳው ስንት ይላል፣ አንቺ ጋ ስንት አለ። ከዚያ የሚቀጥለውን ክር አታቀብይ። እጅሽ ላይ ያዢው።

23ኛው የእርሷ ነው፤ ትናንት ጠዋት ገባ። ሌሊት ላይ ቁጥሩ አልገጥም ብሏት ክሩን እጇ ላይ ይዛ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ሁለቱንም ቁጥር ተናገረች። ሰርጀኑ ቆመ። እንደገና ሲቆጠር ሁለት ፓኮች በደም ተጣብቀው እንደ አንድ ተቆጥረው ተገኙ፤ ሆድ ውስጥ የቀረ አልነበረም። አራት ደቂቃ ፈጅቷል። ሰርጀኑ ምንም ሳይናገር እጁን ለክሩ ዘረጋ።